የስልካችን ቺፕ የማን ሥራ ነው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ አንባቢዎች ተስተካክሎ የታተመ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

 

ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የቆየ አንድ መልእክት አለ። «ሞባይል ስልክን የፈጠረው ግብፃዊ ሙስሊም ነው፤ ምዕራባውያን ግን ስሙን ደብቀውታል» ይላል። መልእክቱ የደረሳቸው ወንድሞችና እህቶች «ነገሩ እውነት ነው ወይ? ለልጆቻችንስ እንንገራቸው ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰማነውን ሁሉ ሳናጣራ ማውራት ለሙስሊም አይገባውም። ወሬው እኛን የሚያስደስት ሲሆን ደግሞ ማጣራቱ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ወሬ ቶሎ ያምናልና።

መልሱን በአጭሩ እናስቀድም። ሞባይል ስልክ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም። በእጅ ተይዞ የሚደወልበትን የመጀመሪያ ስልክ በ1973 በኒውዮርክ ከተማ ለሕዝብ ያሳዩት የሞቶሮላ ኩባንያ መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ከብዙ ባልደረቦች ጋር ነው የሠሩት። ነገር ግን ስልኩ ውስጥ ስላለው ቺፕ ከተነሳ፣ ግብፅ የተወለዱ አንድ መሐንዲስ በእርግጥ አሉ። ዶክተር ሙሐመድ አታላ ይባላሉ። ስማቸው የተደበቀ አይደለም። የሠሩት ሥራም በመልእክቱ ከተባለው የተለየ ነው፤ በእኛ አመለካከት ደግሞ ከተባለው ይበልጣል። ዛሬ ይህንኑ በዝርዝር እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ለመሆኑ ቺፕ ምንድን ነው?

ታላላቆቻችን «ትራንዚስተር» የሚለውን ቃል ያውቁታል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ትንሹን ራዲዮ ትራንዚስተር እንለው ነበር። ቃሉ ግን የራዲዮው ስም አልነበረም፤ በራዲዮው ሆድ ውስጥ የነበረች የአንዲት ትንሽ ዕቃ ስም ነው።

ይህች ዕቃ ምን ትሠራለች? የውሃ ቧንቧን አስቡ። መክፈቻውን በትንሽ ጉልበት ስናዞረው ብዙ ውሃ ይለቃል፤ መልሰን ስናዞረው ይዘጋል። ትራንዚስተርም ለኤሌክትሪክ እንደ ቧንቧ መክፈቻ ነው። በትንሽ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ትልቁን ፍሰት ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲከፈት «አንድ»፣ ሲዘጋ «ዜሮ» ብለን ብንሰይመው፣ ስልካችን የሚያሰላው፣ ፎቶ የሚይዘው፣ ድምፃችንን የሚያስተላልፈው በእነዚህ በሁለቱ ምልክቶች ብቻ ነው።

መክፈቻው የሚሠራበት ቁስ ሴሚኮንዳክተር ይባላል። መዳብ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ ብርጭቆ አያስተላልፍም። ሴሚኮንዳክተር በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ እንደ አያያዙ አንዴ ያሳልፋል፣ አንዴ ይከለክላል። ከእነዚህ ቁሶች ዋነኛው ሲሊከን ሲሆን የሚገኘውም ከአሸዋና ከነጭ ድንጋይ ነው። አላህ በምድር ገጽ ላይ ሲሊከንን እጅግ አብዝቶ አስቀምጦታል፤ ከእሱ የሚበልጠው ኦክስጅን ብቻ ነው። እንግዲህ የቺፕ ዋጋ ከጥሬ ዕቃው አይደለም፤ ከሰው ዕውቀትና ትዕግሥት ነው።

ቺፕ ማለት የጣት ጥፍር በምታክል የሲሊከን ገበታ ላይ እነዚህ ትራንዚስተሮች በአንድነት ተሠርተው ማለት ነው። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1971 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የኮምፒውተር አንጎል ቺፕ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት። ዛሬ ጥሩ በሚባል ስልክ ውስጥ ያለው አንድ ቺፕ ከ10 ቢሊዮን በላይ ይዟል።

ችግሩ የነበረው ከላይኛው ገጽ ላይ ነው

የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተሠራው በታኅሣሥ ወር 1947 በአሜሪካ ኒውጀርሲ በሚገኘው የቤል ምርምር ጣቢያ ነው። የሠሩት ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተን ሲሆኑ ኃላፊያቸው ዊልያም ሾክሊ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዓይነት ነደፉ። ሦስቱም በ1956 የኖቤልን ሽልማት አገኙ። ያ ትራንዚስተር ግን የተሠራው ከሲሊከን አልነበረም፤ ጀርማንየም ከሚባል ሌላ ቁስ ነበር። ዛሬ በስልካችን ውስጥ ካለው ዓይነትም በአሠራሩ የተለየ ነው።

የዛሬው ዓይነት ሐሳቡ ቀላል ነው። ፍሰቱን ሳይነኩ ከላይ ሆኖ በኤሌክትሪክ ግፊት ብቻ መክፈትና መዝጋት ነው። ጁሊየስ ሊልየንፌልድ የተባሉ ሳይንቲስት ይህንኑ ሐሳብ በ1920ዎቹ በባለቤትነት አስመዝግበውት ነበር። ሾክሊም በ1945 ሞክረውታል። አልሠራም! ለምን?

ምክንያቱን ለማስረዳት የሶላትን ሰፍ እንመልከት። በሰፉ መካከል የቆመ ሰው በቀኙም በግራውም ጎረቤት አለው፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ይቆማል። በሰፉ ጫፍ የቆመው ግን በአንድ ጎኑ ማንም የለውም። የሲሊከን አቶሞችም እንዲሁ ናቸው። በውስጥ ያለው እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተያይዟል። ቁሱ በሚያልቅበት በላይኛው ገጽ ላይ ያሉት ግን በአንድ ወገን የሚይዙት የላቸውም። ባዶ እጃቸውን ዘርግተው በአጠገባቸው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እየያዙ ያስቀራሉ። ከላይ የመጣው ትእዛዝ በእነሱ ተይዞ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይደርስም።

ስለዚህ የብዙ ዓመታት ጥያቄ ይህ ነበር፤ የሲሊከንን ገጽ ማን ያረጋጋዋል?

ዶክተር ሙሐመድ አታላ ማን ነበሩ?

ሙሐመድ አታላ በ1924 በግብፅ ፖርት ሰዒድ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከካይሮ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኢንዲያና ግዛት በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሕንድስና ተምረው በ1949 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ቤል ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ።

ልብ በሉ! የተማሩት ስለ ማሽን እንጂ ስለ ትራንዚስተር አልነበረም። መጀመሪያ የተሰጣቸውም ሥራ የስልክ መስመር ማገናኛ ዕቃዎች ሳይበላሹ ብዙ ዓመት እንዲቆዩ ማድረግ ነበር። ለዝና የሚሆን ሥራ አይደለም። ነገር ግን «ይህ ዕቃ የሚበላሸው ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅን ለመዱ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ሴሚኮንዳክተር ክፍል ሲዛወሩ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ሄዱ። የሲሊከን ችግር ከገጹ እንደሆነ ስለሚታወቅ ገጹን መመርመር ጀመሩ።

በዚያው ጣቢያ ቀደም ብሎ አንድ ነገር ተገኝቶ ነበር። በ1955 ካርል ፍሮሽና ሊንከን ዴሪክ የተባሉ ሁለት ባልደረቦች ሲሊከንን በምድጃ ሲያግሉ ሳያስቡት የውሃ እንፋሎት ገባበት። ሲያወጡት ገጹ በስስ ብርጭቆ ተሸፍኖ አገኙት። ይህ ብርጭቆ የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ ነው። ፍሮሽና ዴሪክ ሽፋኑ ከታች ያለውን ሲሊከን እንደሚጠብቅ ተረዱ፤ ለሥራም አዋሉት።

አታላና አብረዋቸው የሠሩት ታነንባምና ሻይብነር ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰዱት። ሲሊከኑን ንጹሕ አድርጎ በመቶዎች በሚቆጠር የሙቀት መጠን፣ እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በጥንቃቄ ካጋሉት ብርጭቆው ከሲሊከኑ ጋር ተዋሕዶ ይበቅላል። እነዚያ በሰፉ ጫፍ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው የቆሙት አቶሞች አብዛኞቹ የሚይዙት ጎረቤት ያገኛሉ። ገጹ ይረጋጋል። የዚህን ምርምር ውጤት በ1959 አሳተሙ።

በዚያው በ1959 ዶክተር አታላ ከሌላ ወጣት መሐንዲስ ጋር ሥራውን ከግብ አደረሱት። እሱም ዳውን ካንግ ይባላል፤ በኮሪያ ሴኡል ከተማ የተወለደና በአሜሪካ ኦሃዮ ትምህርቱን ገና ያጠናቀቀ ነበር። ከታች ሲሊከን፣ በላዩ ስስ ብርጭቆ፣ በብርጭቆው ላይ ደግሞ ብረት አደረጉ። ሦስት ድርብ ብቻ! በብረቱ ላይ የተሰጠው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ብርጭቆውን ሳይበሳ ከበታቹ ያለውን ፍሰት ከፈተ፣ ዘጋ። ሊልየንፌልድ ያሰቡት ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ሠራ። በ1960 በፒትስበርግ ከተማ በተካሄደ የባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ይፋ አደረጉት። ዓለም በአሕጽሮት «ሞስ ትራንዚስተር» የሚለው ይህ ነው።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም በ2018 ባወጣው ግምት ከ1960 ጀምሮ እስከዚያ ዓመት የተሠሩት ትራንዚስተሮች ብዛት 13 ብለን ከኋላው 21 ዜሮ ብንደረድር የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚህ ዓይነት ናቸው። የሰው ልጅ እጅ ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ይህን ያህል ብዛት ያለው ሌላ የለም።

ኩባንያው ያላየውን ሌሎች አዩት

አንባቢዎቻችን «ይህን ያህል ሥራ ሲሠሩ ኩባንያቸው ምን አደረገላቸው?» ማለታችሁ አይቀርም። ኩባንያው ሥራውን ገታ አደረገው። የቤል ኃላፊዎች ምክንያት ነበራቸው። አዲሱ ትራንዚስተር ከነባሩ ይልቅ ዘገምተኛ ነበር፤ ጠባዩም ይለዋወጥ ነበር። የስልክ ኩባንያ ደግሞ የሚፈልገው ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የሚሠራ ዕቃ ነው። ስለዚህ ትኩረታቸውን በነባሩ ላይ አደረጉ። ዶክተር አታላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤልን ለቀው ወደ ሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ሄዱ።

ሥራው ግን አልሞተም። በካሊፎርኒያ ፌርቻይልድ የሚባል ኩባንያ ነበር። የመሠረቱት በ1957 ከሾክሊ ኩባንያ በአንድ ላይ ለቀው የወጡ ስምንት ወጣቶች ናቸው። ሾክሊ ትልቅ ሳይንቲስት ቢሆኑም ሠራተኛ አያያዝ አልቻሉበትም ነበር። ከስምንቱ አንዱ ዣን ሆርኒ፣ ያ ብርጭቆ ከሥራ በኋላ ሳይፋቅ በላዩ ላይ እንዲቀር የሚያደርግ አሠራር በ1959 ነደፉ። ሌላው ሮበርት ኖይስ በብርጭቆው ላይ ቀጭን የብረት መስመር በመዘርጋት ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ ገበታ ላይ የማገናኘት ዘዴ አመጡ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በተባለው ኩባንያ ደግሞ ጃክ ኪልቢ በ1958 በአንድ ቁስ ላይ የተሠራ የመጀመሪያውን ወረዳ አሳይተው ነበር፤ ለዚህም በ2000 ኖቤል ተሸለሙ።

የሞስ ትራንዚስተር ጠባይ መለዋወጥ ምክንያቱ የታወቀውም እዚያው ፌርቻይልድ ውስጥ በተደረገ ምርምር ነው። እህቶቻችን በተለይ ይህን ይስሙት። ጥፋተኛው ጨው ነበር! በጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም፣ ከሰው እጅ ላብና ከሥራ ዕቃዎች እየተነሳ ወደ ብርጭቆው ይገባ ነበር። በዓይን የማይታይ ቅንጣት ነው። ነገር ግን በብርጭቆው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየዞረ ትእዛዙን ያዛባል። ይህን በ1960ዎቹ አጋማሽ ካረጋገጡት መካከል ብሩስ ዲል፣ ኤድዋርድ ስኖው እንዲሁም ከሀንጋሪ ተሰድደው የመጡት አንድሩ ግሮቭ ይገኙበታል። ዛሬ በቺፕ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጓንት አጥልቆ የሚገባው ዕቃው ከሰው እንዲጠበቅ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩ። ሐሳቡ የሊልየንፌልድ፤ የብርጭቆው ግኝት የፍሮሽና የዴሪክ፤ ገጹን ማረጋጋት የአታላና የባልደረቦቻቸው፤ መሣሪያው የአታላና የካንግ፤ በአንድ ገበታ ማያያዙ የኪልቢ፣ የሆርኒና የኖይስ፤ ጨውን መለየት የነግሮቭ። አንዱን ብናወጣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። «ቺፕን አታላ ብቻቸውን ፈጠሩት» ማለት የእነዚህን ሁሉ ሐቅ መብላት ነው። «የአታላ እጅ የለበትም» ማለትም እንዲሁ።

ስሙ ተደብቋል ወይ?

አልተደበቀም። የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫው በአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ላይ በስማቸው ይገኛል። በ1975 በፊላዴልፊያ የሚገኘው ፍራንክሊን ተቋም አታላንና ካንግን በሜዳልያ አክብሯል። በ2009 ደግሞ የሁለቱም ስም በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ዳውን ካንግ ይህን ሳያዩ በ1992 አርፈዋል። ዶክተር አታላም የሞቱት በዚያው በ2009 መጨረሻ ነው።

እርግጥ ነው ሰዉ እንደ ሌሎች ስማቸውን አያውቅም። ይህ ግን የሤራ ጉዳይ አይደለም። ካንግ ኮሪያዊ ናቸው፤ ስማቸውን ማን ያውቃል? እኚህ ሰው በ1967 ሳይመን ዚ ከተባሉ ባልደረባ ጋር የሠሩት ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር በፍላሽ ዲስክና በስልክ ሚሞሪ ውስጥ ላለው ዕቃ መሠረት ነው። በፍላሽ የቁርኣን ቂርኣት የምንሰማ ሁሉ የካንግ ተጠቃሚዎች ነን። የፍሮሽንና የዴሪክንስ ስም ማን ይጠራል? የመሐንዲስ ሥራ ከዕቃው ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ዕቃው ይሠራል፣ ስሙ አይሰማም።

ስለ ዶክተር አታላ የልብ ጉዳይ መናገር የእኛ ድርሻ አይደለም፤ እሱ የአላህ ነው። የእኛ ጉዳይ ሥራቸው ነው።

የባንክ ካርዳችን ምሥጢር ቁጥር

ከሥራቸው ሌላው ክፍል ደግሞ በየቤታችን ገብቷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር አታላ በስማቸው የሚጠራ የራሳቸውን ኩባንያ መሠረቱ። ያን ጊዜ ባንኮች ገንዘብ የሚሰጡ ማሽኖችን መትከል የጀመሩበት ወቅት ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፤ ደንበኛው በማሽኑ ላይ የሚጽፈው ምሥጢር ቁጥር በሽቦ ወደ ባንኩ ሲሄድ በመንገድ ላይ ሌባ ቢያነበውስ? በባንኩ ውስጥ ያለው ሠራተኛስ ቢያየው?

ያቀረቡት መፍትሔ ተቆልፎ የሚቀመጥ አንድ ሣጥን ነበር፤ በባለሙያዎች ዘንድ «የአታላ ሣጥን» ተብሎ ታወቀ። ምሥጢር ቁጥሩ ከማሽኑ ሲወጣ ማንም እንዳያነበው ተመስጥሮ ይወጣል፤ ትክክል መሆኑ የሚመረመረውም በዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ሠራተኛው አያየውም፣ መስመሩን የጠለፈም አይረዳውም። የባንኮች አሠራር በዓለም ዙሪያ ዛሬም በዚህ ዓይነት ሣጥን ላይ የቆመ ነው፤ በየከተማችን በምናየው የኤ.ቲ.ኤም ማሽን ካርዳችንን አስገብተን አራት ቁጥር ስንጽፍ የምንጠቀመው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ምክር እንጨምር። ሣጥኑ ቁጥሩን ከሌባ ይጠብቃል፤ እኛው በአፋችን ከነገርነው ግን ምንም አያደርግልንም። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ ቁጥሩን ንገሩን» ለሚል ሰው ምሥጢር ቁጥራችንን አንስጥ። በባንክ በኩል የሚሠራ ሰው እንዳያየው ተብሎ ነው ይህ ሁሉ የተደከመው፤ ባንኩ ራሱ ለምን ይጠይቀናል? እናቶቻችንና አባቶቻችን ካርድ ሲያወጡ ልጆች ይህን በደንብ ያስረዷቸው። የወላጅ ገንዘብ አማና ነው።

በአንድ ስልክ ውስጥ ስንት ሀገር አለ?

ዛሬ የቺፕ ሥራ ከአንድ ኩባንያም፣ ከአንድ ሀገርም አቅም በላይ ሆኗል። ሞሪስ ቻንግ የተባሉ ቻይና የተወለዱ መሐንዲስ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ 25 ዓመት አገልግለው በመጨረሻ ወደ ታይዋን ሄዱ። በ1987 ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። የኩባንያው ሐሳብ አዲስ ነበር። የራሱን ቺፕ አይነድፍም፤ ሌሎች የነደፉትን ብቻ ይሠራል። ልክ ዱቄቱን ለደንበኛ እንደሚፈጭ ወፍጮ ቤት ማለት ነው። እህሉ የደንበኛው፣ ወፍጮው የእሱ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የረቀቁት ቺፖች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ «ወፍጮ ቤት» ነው።

ወፍጮው ራሱ ከየት ይመጣል? በቺፑ ላይ መስመሮችን በብርሃን የሚያትመውን እጅግ የረቀቀ ማሽን የሚሠራው በዓለም ላይ አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ በኔዘርላንድ የሚገኘው ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል.። ማሽኑ በሴኮንድ 50,000 የቆርቆሮ ጠብታዎችን በሌዘር እየመታ ብርሃኑን ያመነጫል። መስታወቶቹን የሚሠራለት የጀርመኑ ዛይስ ነው። ሌሎች ብዙ ቁሶች ከጃፓን ይመጣሉ። ይህ ሰንሰለት ሲነካ ምን እንደሚሆን በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ታይቷል፤ በ2021 ቺፕ በመጥፋቱ ትላልቅ የመኪና ፋብሪካዎች ሥራቸውን ለጊዜው እስከ ማቆም ደርሰዋል።

ከሙስሊም ሀገሮች በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ረዥም ዕድሜ ያላት ማሌዥያ ናት። ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን ፋብሪካ የከፈተው በ1972 በማሌዥያ ፔናንግ ደሴት ነው። ሥራው የተሠራውን ቺፕ መገጣጠም፣ ማሸግና መፈተሽ ነበር፤ ከሠራተኞቹም አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚከናወነው የቺፕ ማሸግና መፈተሽ ሥራ 13 ከመቶ የሚሆነው በማሌዥያ እንደሚሠራ ይነገራል። ሀገሪቱ አሁንም ዋናውን ነደፋ ገና ለመያዝ እየጣረች ነው። ከዚህ የምንረዳው በአንድ ትውልድ ዘለን የምንደርስበት ነገር እንዳልሆነ ነው። የሚጀመረው ግን በቀላሉ ሥራ፣ በትክክል በተሠራ ቀላል ሥራ ነው።

እንግዲህ ለልጆቻችን ምን እንንገር?

ውድ ወላጆች! ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። «ለልጆቻችን እንንገራቸው ወይ?» ብላችኋል። አዎን፣ ንገሯቸው። ግን እውነቱን ንገሯቸው።

የፖርት ሰዒዱ ልጅ ማሽን ተምሮ፣ ማንም የማያደንቀውን የስልክ ማገናኛ ዕቃ ሲጠግን ቆይቶ፣ ከኮሪያው ልጅ ጋር ተቀምጦ ታላቅ ሥራ ሠራ ብላችሁ ንገሯቸው። ኩባንያው ባያየውም አልቆመም በሏቸው። ያልነበረ ነገር ጨምራችሁ ግን አትንገሯቸው። ልጁ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሄዶ እውነቱን ሲያገኘው ያን ጊዜ የሚጠራጠረው ወሬውን ብቻ አይደለም፤ ከእኛ የሰማውን ሌላውንም ነው። በውሸት የተገዛ ኩራት በልጁ እምነት ላይ የሚያስከፍለው ዕዳ ከባድ ነው።

ሌላው ነገር፣ በሰው ሥራ መኩራራት ብቻውን ለማንም ልጅ ሒሳብ አያስተምረውም። «ሙስሊም ሠርቶታል» ብሎ መልእክቱን ለመቶ ሰው ያስተላለፈ ወጣት፣ በዚያች ሰዓት አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ቢሠራ ለራሱም ለወገኑም ይጠቅም ነበር። በመድረሳም በመደበኛ ትምህርት ቤትም ያሉ ደረሳዎቻችን፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ሒሳብንና ሳይንስን የሌላ ሰው ዕውቀት አድርገው እንዳያዩት እናድርግ። የሲሊከን አቶም የማንንም ዘር አይጠይቅም። በግብፅ የተወለደውን፣ በሴኡል የተወለደውን፣ ከሀንጋሪ የተሰደደውን እኩል አስተምሯል። የጠየቃቸው ንጽሕናን፣ ትዕግሥትንና ትክክለኛነትን ብቻ ነው።

ልጃችሁ የተበላሸ ራዲዮ ወይም ስልክ ፈትቶ ቢያገኛችሁት ወዲያው አትቆጡት። ኤሌክትሪኩ መነቀሉን አረጋግጡና «የሚበላሸው ከየት ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሴት ልጃችሁ ብትሆንም እንዲሁ። አታላን ከግባቸው ያደረሳቸው ይህ ጥያቄ ነው።

አላህ ጠቃሚውን ዕውቀት ይስጠን፤ የሰማነውን አጣርተን ከሚናገሩት፣ የሰውን ሐቅ ከማይበሉት ያድርገን። ልጆቻችንንም ለራሳቸውና ለሰው ሁሉ የሚጠቅሙ ያድርጋቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።